ረጅሟ ላም የግድ ወተት ታበዛለች?

ጥያቄ፦ ሱሉልታ አካባቢ አራት ድቅል የወተት ላሞች አሉኝ፤ ሁሉም ግማሽ የፈረንጅ ደም ያላቸው ናቸው። አንድ ነጋዴ ሆልስታይን ፍሪዥያን ከተባለው የፈረንጅ የወተት ላም ዝርያ ከውጭ የመጣ የኮርማ ዘር አቅርቦልኝ የሁለት ኮርማዎችን መግለጫ አሳየኝ። የአንደኛው ሴት ልጆች ረጃጅምና ግዙፍ፣ ወተታቸውም የበዛ ነው። የሁለተኛው ልጆች ቁመታቸው መካከለኛ፣ ወተታቸው ጥቂት ዝቅ ያለ ቢሆንም ቶሎ ያረግዛሉ። ጎረቤቶቼ «ግዙፏ ትሻላለች» ይሉኛል። የትኛውን ልምረጥ?

መልስ፦ ሁለተኛውን ቢመርጡ እንመክራለን።

በላሞች መካከል ከሚታየው የወተት ልዩነት ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆነው በዘር የሚወረስ ሲሆን፣ የቁመት ልዩነት ከዚያም በላይ ይወረሳል። ስለዚህ መንጋን ማስረዘም ከባድ አይደለም። ነገር ግን ግዙፍ ላም ወተት ከመስጠቷ በፊት ሰውነቷን ለማቆየት ብቻ ብዙ መኖ ትበላለች፤ አሜሪካኖች የኮርማን ጠቅላላ ጥቅም በገንዘብ በሚያሰሉበት ቀመር የልጆቹን የሰውነት ክብደት በቅናሽ የሚይዙት ለዚህ ነው። ድርቆሽ በሚታጨድበት በእናንተ አካባቢ እንኳ ፉርሽካውና ፋጉሎው በገንዘብ ይገዛል። ከቁመና ይልቅ ግቱ ከሆድ ጋር አጥብቆ መያያዙን፣ የጡቶቹን አቀማመጥ፣ የእግርና የሰኮናውን ጥንካሬ ይመልከቱ።

የማርገዝ ችሎታ የሚወረሰው ከ5 በመቶ ባነሰ መጠን በመሆኑ ብዙ አገሮች ለረጅም ጊዜ ችላ ብለውታል። ችግሩ ወተትን የሚጨምረው ዘር በአብዛኛው ማርገዝን የሚያዘገይ መሆኑ ነው፤ ለወተት ብቻ ሲመረጥ የኖረው ሆልስታይንም ከትውልድ ትውልድ ለማርገዝ እየተቸገረ መጣ። ኖርዌያውያን ግን ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የጤናና የመራባት መረጃን በምርጫቸው ውስጥ በማካተታቸው ቀይ ላሞቻቸው ከዚህ ጉዳት በእጅጉ ድነዋል።

በኮርማው መግለጫ ላይ ከወተት ቁጥሩ ጋር ያለው የመደመር ምልክት ላምዎ ከምትሰጠው ላይ የሚታከል ሊትር እንዳይመስልዎ። ቁጥሩ ኮርማው የተመዘነበት አገር ላሞች ከሚወክሉት መነሻ ያለውን ብልጫ ያሳያል፤ መኖው፣ አየሩና አያያዙ ሲለወጥ የኮርማዎቹ ደረጃም ሊቀያየር ይችላል። ከላሞችዎ የሚወለዱት ጥጆች 75 በመቶ የፈረንጅ ደም ስለሚኖራቸው፣ ለእነርሱ የሚያስፈልገው መኖና እንክብካቤ አሁን ካለው እንደሚበልጥ ከወዲሁ ያስቡ።

ሌላው ጉዳይ የዝምድና መራባት፣ ማለትም የሚዛመዱ ከብቶች እርስ በርስ መዳቀል ነው። በ1962 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ የተወለደው «ቺፍ» የተባለ ሆልስታይን ኮርማ ለልጆቹ ብዙ ወተት ቢያወርስም፣ አብሮ አንድ የተበላሸ የዘር ቅንጣት አስተላልፏል። ጽንሱ ይህንን ቅንጣት ከአባትም ከእናትም ሲወርስ ይሞታል፤ ይህም ዘመዳሞች ሲዳቀሉ ይበልጥ ያጋጥማል፤ በዚህ ሳቢያ በዓለም ዙሪያ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ጽንስ እንደጨነገፈ ተገምቷል። ስለዚህ አዳቃዩ በመጣ ቁጥር የኮርማውን መለያ ቁጥርና ቀኑን በደብተር ላይ ይጻፉ፤ ጊደሯ ስትደርስም አባቷ በሆነው ኮርማ ዘር እንዳትዳቀል ደብተሩን ለአዳቃዩ ያሳዩት።