ስለ ሮለር ኮስተር ለወጣት መሐንዲሶች

ውድ ወጣቶች፣

የሥራ ዘመኔን በማሽን ንድፍና ጥገና ያሳለፍሁ ሰው ነኝ። ምህንድስና የጀመሩ ልጆች ምን እናንብብ ሲሉኝ ደጋግሜ የምጠቁማቸው የሮለር ኮስተርን፣ ማለትም በመዝናኛ ስፍራ ሰው ጭኖ ከፍና ዝቅ በሚል ሐዲድ ላይ በፍጥነት የሚሄደውን ጋሪ፣ ታሪክ ነው። የመዝናኛ ዕቃ ነው ብላችሁ አትናቁት፤ ፍጥነት፣ ብረትና የሰው አካል እንዲህ ፊት ለፊት የሚገናኙበት ሥራ ጥቂት ነውና።

መነሻው ሩሲያ ነው። በቅዱስ ፒተርስበርግ አካባቢ በክረምት ከፍ ያለ የእንጨት ማማ ይቆምና ቁልቁለቱ ላይ የፈሰሰው ውኃ በረዶ ሲሆን ሕዝቡ እየተንሸራተተ ይወርድበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1817 ፓሪስ ውስጥ በረዶው ቀርቶ ጎማ ያላቸው ጋሪዎች መጡ። አሜሪካ ውስጥ ግን መንገዱ በከሰል ማዕድን በኩል ነው። በ1827 በፔንሲልቬንያ፣ በማውች ቸንክ፣ የከሰል ፉርጎዎች በገዛ ክብደታቸው ከተራራው የሚወርዱበት ሐዲድ ተዘረጋ፤ ባዶዎቹን ሽቅብ የሚጎትቱት በቅሎዎችም ሲመለሱ በፉርጎ ተጭነው ይወርዱ ነበር። ኋላ ሰዎች ከፍለው መሳፈር ጀመሩ። በ1884 ላማርከስ ቶምፕሰን በኒው ዮርክ ኮኒ አይላንድ የከፈተው ሐዲድ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ይሄድ ነበር፤ ዋጋውም 5 ሳንቲም ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን በጥሞና እንድታዩት እፈልጋለሁ። በ1895 እዚያው ኮኒ አይላንድ ጋሪው ተገልብጦ የሚዞርበት ሐዲድ ተሠራ፤ ቅርጹም ፍጹም ክብ ነበር። ክብ ለዓይን ያምራል፣ ለመሥራትም ይቀላል፤ ለአንገት ግን ክፉ ነው። ስሌቱን ራሳችሁ ሞክሩት፦ ሰበቃን ትታችሁ፣ ጋሪው ጫፉ ላይ እንዳይወድቅ የሚበቃውን ያህል ፍጥነት ብቻ ይዞ ቢዞር እንኳ፣ ከታች ሲገባ ተሳፋሪው የክብደቱን 6 እጥፍ ይሸከማል። ክቡን ብታሰፉትም ቁጥሩ አይቀንስም። ተሳፋሪዎቹ በአንገት ሕመም መማረራቸው አይደንቅም። በ1901 ኤድዊን ፕሬስኮት ቀለበቱን ወደ እንቁላል ቅርጽ ቢያሻሽለውም፣ ጋሪው የሚይዘው ሰው ጥቂት ስለነበረ ሥራው አላዋጣም።

በመሐል ጆን ሚለር የተባለ አሜሪካዊ ከሐዲዱ በታች የሚይዝ ተጨማሪ ጎማ ፈጥሮ በ1919 የፈጠራ መብት አገኘበት። ጋሪው ከላይ፣ ከጎንና ከታች በጎማ ስለተያዘ ኮረብታው ጫፍ ላይ ከሐዲዱ ሊነሳ አልቻለም፤ ቁልቁለቱንም ያለ ሥጋት ቀጥ ማድረግ ተቻለ። ተሳፋሪው ያንን ጎማ አያየውም፤ እኔ ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ አብልጬ የማከብረው እርሱን ነው።

በ1959 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ በዲዝኒላንድ፣ ሐዲዱ ከብረት ቱቦ ሲሠራ እንደ ልብ መታጠፍ ቻለ። በ1976 እዚያው ካሊፎርኒያ ውስጥ ጀርመኖቹ አንቶን ሽዋርዝኮፍና ቬርነር ሽቴንገል የክቡን ችግር ፈቱት፦ ፍጥነቱ ከፍተኛ በሆነበት በታች ጠመዝማዛውን ሰፋ፣ ፍጥነቱ በሚቀንስበት ጫፍ ጠበብ አደረጉት። ጫና ቀስ እያለ ይጨምራል፣ ቀስ እያለ ይቀንሳል። ሰማንያ ዓመት የፈጀው መልስ የተገኘው ሐዲዱን ከማሳመር ሳይሆን ተሳፋሪው በየቅጽበቱ ምን ይሰማዋል ብሎ ከመጠየቅ ነው።

ስለዚህ ንድፍ ስትጀምሩ፣ ወንበርም ይሁን ሊፍት ወይም አውቶቡስ፣ መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ የሚቀመጠውን ሰው ሣሉ፤ አንገቱን፣ ጀርባውን፣ ዓይኑን አስቡ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትኖሩ ደግሞ አቡ ዳቢ ሄዳችሁ በ2010 የተከፈተውን ፎርሙላ ሮሳ የተባለ ሮለር ኮስተር እዩት። በ5 ሰከንድ ገደማ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ በዚያ ፍጥነት በበረሃ አየር ውስጥ ያለች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ዓይን ልትጎዳ ስለምትችል ለተሳፋሪው መነጽር ተዘጋጅቶለታል።