ጃር ፋይል ጊት ውስጥ ይግባ አይግባ ላልከው ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ማታ "ኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት እየሰራን ነው፣ ሌሎች ሰዎች የሰሯቸው ጃርና ዲኤልኤል ፋይሎች አሉን፣ ከኮዱ ጋር ጊት ውስጥ ኮሚት እናድርጋቸው ወይስ የሚፈልግ ራሱ ያውርድ? የኛን ኔትወርክ ደግሞ ታውቁታላችሁ" ብለህ የጠየቅከው ወንድሜ፣ ከስር "በጭራሽ እንዳታስገባ" ያሉህን አይቻለሁ፣ ልክ ናቸው፣ ግን ደሴ ቁጭ ብሎ ለሚሰራ ሰው እሱ ብቻ መልስ አይሆንም። እኛ በዚህ ነገር በደንብ ተቃጥለናል ስለዚህ ይረዝማል ቻሉኝ። (ለአዲስ ሰው፦ ጊት የኮድን ለውጥ ከነታሪኩ የሚይዝ ፕሮግራም ነው፣ ኮሚት ለውጡን እዛ ታሪክ ውስጥ መመዝገብ ነው፣ ጃርና ዲኤልኤል ደግሞ ተሰርተው ያለቁ የፕሮግራም ክፍሎች ናቸው፣ ባይነሪ ስለሆኑ እንደ ጽሁፍ አይነበቡም።)

እኛ የሱቅ እቃ መመዝገቢያ በጃቫ እንሰራለን፣ ኮዱ ክፍት ነው ማንም ይወስዳል። በ2012 ስንጀምር ሊብ የሚል ፎልደር ከፍተን ያገኘነውን ጃር ሁሉ እዛ ከተትን። ሀሳባችን ክፉ አልነበረም፣ አንዳችን ካወረድነው ሌላው ለምን ዳታ ያቃጥላል ነው። ችግሩ የመጣው ላይብረሪ ሲቀየር ነው። የኤስኪውላይት ድራይቨሩን (ጃቫን ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘውን) ብትወስድ የዊንዶውሱም የሊነክሱም የማኩም ነገር አንድ ላይ ታጭቆበት አንዱ ፋይል ብቻ ከ10 ሜጋ ያልፋል። አዲስ ቨርዥን ሲወጣ አሮጌውን አጥፍተን አዲሱን እናስገባለን፣ ፎልደሩን ስታየው ሁሌ ያው 40 ሜጋ ምናምን ነው፣ ምንም የጨመረ አይመስልም። ጊት ግን የጠፋውንም አይረሳም። ኮድ ቢሆን ጽሁፍ ስለሆነ ሲያሽገው በአብዛኛው የተቀየረውን ብቻ አምቆ ይይዝልሃል፣ ጃር ግን በቃ ዚፕ ነው፣ አስቀድሞ የታመቀ ነገር ስለሆነ በሁለቱ ቨርዥን መሃል የሚመሳሰል ነገር ብዙም አያገኝም፣ ስለዚህ እያንዳንዱን ከሞላ ጎደል እንዳለ ያስቀምጠዋል። አንድ ቀን የተደበቀውን የጊት ፎልደር ስንመዝነው 640 ሜጋ! ኮዳችን ራሱ 3 ሜጋ አይሞላም።

ይሄ የገባን ኮምቦልቻ ኪዮት (ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ) የሚማር አንድ ልጅ ላግዛችሁ ብሎ ሲመጣ ነው። ክሎን ማድረግ (ኮዱን ከነታሪኩ ማውረድ) ጀመረ፣ 92 ፐርሰንት ላይ መብራት ሄደ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፣ ጊት ክሎን ከተቋረጠ ካቆመበት አይቀጥልም፣ ከዜሮ ነው። ፊልም ስታወርድ እንደምታደርገው አይደለም። ልጁ ሶስት ቀን ሞክሮ በመጨረሻ ስክሪንሾት ልኮልን "ይቅርታ ፓኬጄ አለቀ" አለን። የሀረጎን ዳገት ከነሙሉ ጭነቱ እንደሚወጣ አይሱዙ ነበር ሪፖአችን (የኮዱ ማከማቻ) ወላሂ። (ለጊዜው እንዲህ የገጠማችሁ ዴፕዝ 1 ብላችሁ የመጨረሻውን ብቻ ውሰዱ፣ ወይ ያለው ሰው ጊት በንድል ሰርቶ በፍላሽ ይስጣችሁ፣ በንድል አንድ ፋይል ስለሆነ ኔት ላይ ቢቀመጥም እየቆራረጡ ማውረድ ይቻላል።)

ከዛ እናጽዳው አልን። ሊብን ዲሊት አድርገን ፑሽ አደረግን (ወደ ሰርቨሩ ላክን)፣ ምንም አልቀነሰም፣ ታሪኩ ውስጥ አለዋ። የሚያጸዳው ፊልተር ሪፖ የሚባለው ቱል ነው፣ ታሪኩን ሁሉ እንደ አዲስ ይጽፈዋል፣ ጃሩ ከገባበት ኮሚት ጀምሮ ያሉት ኮሚቶች ሃሽ (መለያ ቁጥር) በሙሉ ይቀየራል፣ ስለዚህ ሁሉም ሰው የድሮ ኮፒውን ጥሎ አዲስ መውሰድ አለበት። ለሁሉም ተናገርን፣ አንዱ ጓደኛችን ግን አልሰማም፣ በድሮው ኮፒ ላይ ፑል አድርጎ መርጅ አደረገና (አዲሱን አውርዶ ከድሮው ጋር ቀላቀለና) መልሶ ፑሽ አደረገው። 640ው ሜጋ እንዳለ ተመለሰ። ሁለተኛ ዙር ሰራነው፣ እሱም ቡና ጋበዘን።

ሌላው ደግሞ የስም ነገር። ሎግፎርጄ (ፕሮግራሙ የሚሰራውን የሚመዘግብ የጃቫ ላይብረሪ) ላይ ያ ትልቁ የደህንነት ክፍተት የወጣው በ2014 ታህሳስ መጀመሪያ ላይ ነው፣ ያን ጊዜ እኛ ምን ላይ እንደነበርን ታውቃላችሁ፣ ኮድ ትዝ የሚለው ሰው አልነበረም። ከወራት በኋላ ስንመለስ የኛ ቨርዥን ስንት ነው? ፎልደሩ ውስጥ ያለው "ሎግፎርጄ አዲሱ" የሚል ጃር ነው። አዲሱ ከመቼው አዲስ? ማን እንዳስገባው አናውቅም፣ ኮሚት መልእክቱ "ፊክስ" ይላል። ጃሩን እንደ ዚፕ ከፍተን ሜታ ኢንፍ ውስጥ ያለችውን ማኒፌስት ስናነብ 2.11፣ ክፍተቱ እስከ 2.14.1 ድረስ ያሉትን ስለሚነካ እኛም አለንበት። ባይነሪ ፋይል ሲቀየር ጊት "ተለያይተዋል" ብቻ ነው የሚልህ፣ ውስጡ ምን እንደገባ ማንም አያነብም። እንደ ፈረንጅ 2024 ላይ ኤክስዜድ የሚባለው ላይብረሪ ውስጥ ያ የድብቅ መግቢያ (ባክዶር) ተንኮል የተደበቀው በሙከራ ስም በገቡ ባይነሪ ፋይሎች ውስጥ ነበር እኮ።

አሁን የምናደርገው እንዲህ ነው። ጊት ውስጥ የሚገባው የላይብረሪው ስም፣ ትክክለኛ ቨርዥኑ እና ሻ256 ሃሹ (የፋይሉ የጣት አሻራ በሉት) ብቻ ነው፣ ይሄ ጽሁፍ ነው፣ ሲቀየር ማን መቼ ከስንት ወደ ስንት እንደቀየረው ይታያል። ማቨን ወይ ግሬድል (ለጃቫ ላይብረሪ የሚያወርዱ ቱሎች) የምትጠቀም ከሆነ ስሙንና ቨርዥኑን ራሱ ይይዝልሃል፣ ሃሹን ግሬድል ላይ ቬሪፊኬሽን ፋይል ታደርግለታለህ፣ ኤንፒኤም (የጃቫስክሪፕቱ) ላይ ሎክ ፋይሉ አለ፣ እሱን ኮሚት ማድረግ እንዳትረሱ (ጊት እንዲዘለው ኢግኖር ውስጥ የሚከቱት አሉ፣ ለምን እንደሆነ አይገባኝም)። ከማቨን ውጪ ለሆኑት 15 መስመር የምትሆን ስክሪፕት አለችን፣ መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ላይ ያለ ፎልደር ታያለች፣ ከሌለ ፍላሹን፣ ከሌለ ኔት ላይ ትወጣለች፣ ከየትም ይምጣ ሃሹ ካልገጠመ ትቆማለች። ሃሹ ስላለ ፋይሉ ከማን ፍላሽ መጣ ብለህ አትጨነቅም።

ፍላሹ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በ2015 መጨረሻ የሞባይል ዳታ ሲዘጋ ስራችን ያልቆመው በሱ ነው። የማቨንን ኤም2 ፎልደር እንዳለ ገልብጠን ከሰው ወደ ሰው አዞርነው፣ ከዛ በኦፍላይን ሞድ ቢውልድ ማድረግ ነው። "ኔት ላይ ስላለ ይገኛል" የሚሉትንም ብዙ አልሰማቸውም፣ ሌፍትፓድ የምትባል 11 መስመር ኮድ በ2016 እንደ ፈረንጅ ባለቤቱ ከኤንፒኤም ሲያነሳት የስንቱ ፕሮጀክት ተሰባበረ። ኮፒ መያዝ ግዴታ ነው፣ የምትይዘው ግን ከጊት ጎን እንጂ ጊት ሆድ ውስጥ አይደለም።

የምናስገባው ነገር የለም ማለት አይደለም። የግሬድል ራፐር ጃር (ግሬድልን የምታስጀምረው) ትንሽ ናት፣ ትግባ። ትንሽ የሆነ፣ የማይቀየር፣ ሌላ ቦታ የማይገኝ ነገር ከሆነ ከነላይሰንሱ ቢገባ ችግር የለብኝም። ላይሰንሱን ግን አንብቡ፣ እኛ ከማሽኑ ጋር በሲዲ የመጣውን የደረሰኝ ማተሚያ ዲኤልኤል ፐብሊክ ሪፖ ላይ ሰቅለን ነበር፣ ኋላ ስናነበው ለሌላ ማስተላለፍ ክልክል ይላል። ከዛ ላይ አነሳነው፣ አሁን "ሲዲውን ከፍተህ እዚህ ፎልደር ክተት" የሚል ሪድሚ ብቻ አለ።

"ኤልኤፍኤስስ?" (ለትልልቅ ፋይል የተሰራው የጊት ተጨማሪ) ላላችሁት፣ ይሰራል፣ ጊት ውስጥ ትንሽ ጠቋሚ ጽሁፍ አስቀምጦ ፋይሉን ሌላ ቦታ ያደርገዋል። ግን ጊትሃብ ላይ ነጻው ኮታ ገደብ አለው፣ ፐብሊክ ፕሮጀክት ላይ ሰው ባወረደ ቁጥር የሚቆጥረው ባንተ ነው፣ እኔ ለጃር አልመክርም። ፎቶና ድምጽ ለሚበዛበት ይሁን።

አንተ ግን አብሽር፣ ገና ከሆናችሁ ቀላል ነው። ፊልተር ሪፖ ምናምን ከመንካትህ በፊት ጊት ካውንት ኦብጀክትስ -vH ብለህ ሳይዝ ፓክ የሚለውን ቁጥርና ስንት ሰው ክሎን እንዳደረገው እዚህ ጻፍልን፣ 50 ሜጋ ካልሞላ ታሪኩን ባትነኩት ይሻላችኋል፣ ከዛሬ ጀምሮ ማስገባት ማቆም ብቻ ይበቃል።