ሦስት የድራፍት ምርጫ ስንት ያወጣል?

ጥያቄ፦ እኔና ጓደኞቼ በኤንቢኤ (የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ) የኮምፒውተር ጨዋታ የየራሳችንን ክለብ ይዘን ተጫዋች እንለዋወጣለን። አንዱ ጓደኛዬ «ኮከብህን ስጠኝ፣ ሦስት የአንደኛ ዙር ምርጫ ልስጥህ» ይለኛል። እንዴት ልመዝነው?
ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ድራፍት ክለቦች በየዓመቱ አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ነው፤ በአብዛኛው ደካማው ክለብ ቀድሞ ይመርጣል፣ ስለዚህ ትንሹ ቁጥር የተሻለ ነው። ሦስት የሚለውን ቁጥር ለጊዜው ይተዉት። ቀድሞ የሚጠየቀው የየትኛው ዓመት ምርጫ ነው የሚለው ነው። የደብረ ብርሃን ሰው ገብስ ገና ማሳ ላይ ሳለ ዋጋ መቁረጥ እንደሚከብድ ያውቃል፤ ውርጩ ገና አልመጣም። ጓደኛዎ ኮከብዎን ሲወስድ ክለቡ ይጠነክራል፤ ስለዚህ የቅርብ ዓመታት ምርጫው ወደ 25ኛና 30ኛ ይወርዳል። ዋጋ ያለው ሩቁ ነው።

ለምሳሌ የብሩክሊን ክለብ እ.ኤ.አ. በ2013 ለቦስተን ተጫዋቾች ለ37 ዓመቱ ኬቪን ጋርኔትና ለ35 ዓመቱ ፖል ፒርስ ሲል የ2014፣ የ2016ና የ2018 የአንደኛ ዙር ምርጫዎቹን፣ በ2017 ደግሞ ምርጫ የመለዋወጥ መብት (ከሁለቱ ክለቦች ምርጫ የተሻለውን የመውሰድ መብት) ለቦስተን ሰጠ። የ2014ቱ 17ኛ ሆኖ ቀረ። ሁለቱ አንጋፋዎች ከሄዱ በኋላ ክለቡ ወደቀና የ2016ቱ 3ኛ ሆኖ ጄይለን ብራውንን አመጣ፤ የ2017ቱ 1ኛ ወጣ። ቦስተን ይህን 1ኛ ምርጫ ለፊላደልፊያ ሰጥቶ 3ኛውንና አንድ ተጨማሪ የአንደኛ ዙር ምርጫ ተቀበለ፤ በ3ኛው ጄይሰን ቴተምን መረጠ።

ቀጥሎ ገደቡን ያንብቡ። «ከ1 እስከ 10 የተጠበቀ» ከተባለ፣ ምርጫው ከ1ኛ እስከ 10ኛ ባለው ቦታ ከወጣ ከጓደኛዎ ጋር ይቀራል፤ ማለትም መልካሙ ለእሱ፣ ተራፊው ለእርስዎ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ቀጣዩ ዓመት ይተላለፋል ወይስ ወደ ሁለተኛ ዙር ይለወጣል? ይህ ካልተጻፈ አይፈርሙ።

በቀድሞው የክሊቭላንድ ባለቤት በቴድ ስቴፒየን ስም የሚጠራውን ደንብም ያስታውሱ፦ ክለብ በሁለት ተከታታይ የወደፊት ዓመታት ያለ አንደኛ ዙር ምርጫ መቅረት አይችልም፤ ከሰባት ዓመት በላይ ያለውንም መስጠት አይፈቀድም። ስለዚህ የራሱን የሚሰጥዎ አንድ ዓመት እየዘለለ ነው። በመካከል ባሉት ዓመታት የመለዋወጥ መብት ይጠይቁት፤ ምርጫ እጁ ላይ ስለሚቀር ደንቡ አይከለክለውም። ብዙዎች ይህን መጠየቅ ይረሳሉ፤ ብሩክሊንን በ2017 ያስከፈለው ግን ይኸው መብት ነበር።

የሁለተኛ ዙር ምርጫ ማሟያ ነው። በኋላ ታላቅ ኮከብ የሆነው ኒኮላ ዮኪች በ2014 በ41ኛነት ተመርጧል፤ እንዲህ ያለ ዕድል ግን ዋጋ ተቆርጦለት አይሸጥም።

ሦስቱም የቅርብ ዓመታት ከሆኑ ወይም ኮከብዎ ገና 23 ዓመቱ ከሆነ እምቢ ይበሉ። ዕድሜው 30 ካለፈና ቢያንስ ሁለቱ ምርጫዎች ከአራት ዓመት በኋላ ያሉ፣ ገደብ የሌላቸው ከሆኑ ይቀበሉ።