ጥያቄና መልስ፦ ኮት ለለበሰ «እርስዎ»፣ ቁምጣ ለለበሰ «አንተ»

የቡሬው ወጣት ለቅሶ ቤት ሲገባ ተቀማጡ ሁሉ ብድግ ብሎ «ኖር!» ቢለው መልሱ ጠፍቶት ተገትሮ ቀረ።

«በእግዜር!» ነው የሚባለው፤ ስለ እግዜር ብላችሁ አትነሡልኝ ማለት ነው።

ደብረ ማርቆስ ያገባች የአዲስ አበባ ልጅ አማቷን «እርስዎ» ትላለች። ባለቤቷ «አንቱ በያቸው» ቢላትም፣ ቃሉ ለጆሮዋ የገጠር ሆኖባታል።

ሁለቱም አክብሮት ናቸው፤ «አንቱ»ን ግን አትናቂብኝ። በጎጃም ቄሱም፣ አማቱም፣ ሽማግሌውም «አንቱ» ነው። በሙያው የተመሰገነውን ሰው «አንቱ የተባለ ባለቅኔ» የምንለውስ በዚሁ ቃል አይደል? ያንቺው «እርስዎ» ከግእዙ «ርእስ» የወጣ ነው፤ «ራስዎ» እንደማለት። አማትሽን ግን በለመዱት ጥሪያቸው።

የሞጣው አባት ልጃቸው «ቄሱን አንቱ እያልን እግዚአብሔርን አንተ የምንለው ለምንድን ነው?» ብሏቸው መልስ አጥተዋል።

ግእዝ ለአንድ ሰው የሚሆን «አንቱ» የለውም። ቅዳሴው ፈጣሪን «አንተ»፣ እመቤታችንን «አንቲ» ይላል፤ የአማርኛው ጸሎትም ይህንኑ ያዘ። ልጅዎ እናቱንስ «አንቺ» አይደል የሚላት? ከዚያ በላይ ያለውን ምሥጢር የኔታን ይጠይቁ።

የቢቸናው ልጅ ደብዳቤ እንቅልፍ ነሥቶኛል። አባቱን ለመሬት ጉዳይ ቢሮ ይዞ ሄደ። የልጅ ልጃቸው የሚሆን ሠራተኛ «አባባ፣ ና፤ ወረቀትህን አምጣ» አላቸው። ከኋላቸው የተሰለፈውን ኮት ለባሽ ጎረምሳ ደግሞ «እርስዎስ ምን ልርዳዎ?» አለው። «አካበድኩ ይሆን?» ይላል ልጁ።

አላካበድክም። የእኔም አባት ቁምጣውን ለብሶ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ ዱላውን ይዞ አንድ ቢሮ ገብቶ ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ውጭ ጠብቅ» ተባለ። መንደሩ በሙሉ «አንቱ» የሚለው ሰው እስከ ማታ አንድ ቃል ሳይናገር ዋለ። አማርኛችን ማምለጫ አይሰጥም፤ ወይ «አምጣ» ነው ወይ «ያምጡ»፣ ግሡ ራሱ ማክበርህን ወይም መናቅህን ይናገራል። «አባባ» ብሎ ጀምሮ «ና» ብሎ መጨረስ ስድቡን አያለሰልሰውም። ዘመድ አዝማድ «አንተ» ሲል ፍቅር ነው፣ አብሮ አደግ ሲልም እንዲሁ። ማኅተም የያዘ ሰው ግን የማያውቀውን ሽማግሌ «አንተ» ካለ በልብሱ መዝኖታል ማለት ነው። ከ1966ቱ አብዮት ወዲህ ሹሙም ተራውም «ጓድ» ሲባል ነበር፤ ያ አልፎ ሄደ፣ «አንቱ» ግን ዛሬም በየቤቱ አለ። እዚያ ጠረጴዛ ኋላ የተቀመጠው ልጅም ከእናቱ ቤት ሲወጣ ያውቀው ነበር። ሌላ ቀን ስትሄድ ድምፅህን ሳታነሣ «ወንድሜ፣ አባቴን አንቱ በልልኝ» በለው። አባትህ እየሰሙ ይሁን።

ከፍኖተ ሰላም አንዲት ልጅ፦ እናቷ የወር አበባ ካቆሙ ዓመታት አልፈዋል፤ አሁን ደም ያያሉ። ጤና ጣቢያ ወስዳቸው ወጣቱን ሐኪም አፍረው «ሆዴን ነው» አሉት፤ የሆድ መድኃኒት ይዘው ተመለሱ።

እባክሽ እህቴ፣ ይህ ነገ ተነገ ወዲያ የሚባል አይደለም። ከማረጥ በኋላ የሚታይ ደም ትንሽም ቢሆን መመርመር አለበት፤ የማህፀን ካንሰር ምልክት ሊሆን ይችላል። በዚህ ሳምንት ሆስፒታል ውሰጃቸው። ሴት ሐኪም ካለች ጠይቂ፤ ከሌለችም አብረሻቸው ግቢና እሳቸው ያፈሩበትን አንቺ «ደም ነው» ብለሽ ተናገሪላቸው። ይሉኝታው እዚህ ላይ ይቅር፤ እናትሽን ሊያሳጣሽ ይችላል።

የእንጅባራው ወንድሜ ደግሞ አጎቱን ብድር ጠይቆ «እስቲ እግዜር ያውቃል» ተብሏል፤ ወር ሙሉ እየጠበቀ ነው።

አትጠብቅ። «የለኝም» ብለው ሊያሳፍሩህ አልፈለጉም።