ጥላ በጉልበት አይመጣም፦ ንድፍ ለምትጀምሩ

ልጆች፣ እርሳስ የያዘ ጀማሪ ጥላ ማውጣት ሲፈልግ መጀመሪያ እርሳሱን ይጫናል፣ ቀጥሎ በጣቱ ያሻል። ሁለቱንም ተዉአቸው። የተጫናችሁት እርሳስ የወረቀቱን ሻካራነት ይደፈጥጠዋል፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ድርብ አይቀበልም፣ ላጲስም አያነሳው፣ ጠቆረ ያላችሁትም ቦታ መብራት ሲያርፍበት ያብለጨልጫል። ጣት ደግሞ ወዝ አለው፤ ወዙ ወረቀቱ ውስጥ ገብቶ የማይለቅ እድፍ ይሆናል።

ጥቁረት የሚመጣው በድርብርብ መስመር ነው። የእርሳስ ልብ ግራፋይትና ሸክላ ነው፤ ሸክላው ሲበዛ ይጠነክራል፣ ይፈዛል፤ ይህ እርሳሱ ላይ ኤች (H) የሚል ፊደል ያለበት ወገን ነው። ሲያንስ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራል፤ ያ ቢ (B) የሚለው ነው። ለጊዜው ሦስት ይበቋችኋል፦ በሁለቱ መካከል ያለው ኤችቢ (HB) ለመነሻው መስመር፣ 2ቢ ለመካከለኛው ጥላ፣ 6ቢ ለመጨረሻው ጥቁር።

አሁን ነጭ እንቁላል ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጡና በግራ በኩል አንድ መብራት ብቻ አብሩ። ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ እዩት፤ ዝርዝሩ ጠፍቶ ብርሃንና ጥላው ብቻ ይቀራል። እንቁላሉ ላይ በጣም የጠቆረው ቦታ ቀኝ ጠርዙ አይደለም፤ ከጠርዙ ገባ ብሎ ነው። ወረቀቱ የተቀበለውን ብርሃን ወደ እንቁላሉ ሆድ ስለሚመልስ ጠርዙ ትንሽ ፈካ ይላል። ይህን ያላየ ሰው ጠርዙን አጥቁሮ እንቁላሉን ጠፍጣፋ ሳህን ያደርገዋል። ያየውም ብዙ ጊዜ ያበዛዋል፤ ያ ተመላሽ ብርሃን የጥላው ወገን ስለሆነ ከግራው ፊት ጋር እኩል መንጣት የለበትም። ወረቀቱ ላይ የወደቀው ጥላ እንቁላሉ በሚነካበት ቦታ ጥቁርና ጥርት ያለ ነው፤ እየራቀ ሲሄድ ጠርዙ ይለሰልሳል።

መስመር ስትደረድሩ የእንቁላሉን ጉብታ ተከተሉ። ጎበጥ ያለ መስመር ክብነትን ይናገራል፤ ቀጥ ያለው ያንኑ ቦታ ግድግዳ ያስመስለዋል። እያንዳንዱን መስመር ስትጨርሱ እጃችሁን ቀለል አድርጋችሁ አንሱ፤ ጫፉ ላይ ከቆማችሁ ነጥብ ይቋጠርና ሁለት ድርድሮች በሚገናኙበት ቦታ እንደ ስፌት ይታያል። ሁለተኛውን ድርብ በመጀመሪያው ላይ በጠባብ ማዕዘን፣ ወደ 30 ዲግሪ አካባቢ አጋድማችሁ አሳልፉት። በ90 ዲግሪ ካቋረጣችሁት ዓይን እንቁላሉን ትቶ መረቡን ያያል። አቅጣጫው ለእጃችሁ ካልተመቸ ወረቀቱን አዙሩት እንጂ ክንዳችሁን አትጠምዝዙ።

በነጥብ ማጥላት አቅጣጫ የለውም፤ ለአሸዋና ለድንጋይ ገጽ ይስማማል። ቀለም ያለውን ብዕር ቀጥ አድርጋችሁ አስነኩና አንሱ፤ የቸኮለ እጅ ነጥቡን ጭራ ያወጣበታል። ቀለም ስለማይጠፋ አራርቃችሁ ጀምሩ፤ ጥላው በሚበረታበት ቦታ ኋላ ትጨምራላችሁ።

ማለስለስ የምትፈልጉት ለብርጭቆ ወይም ለጭጋግ ከሆነ በጣት ፋንታ ጠበቅ ብሎ የተጠቀለለ ወረቀት ተጠቀሙ። ሁሉን ካለሰለሳችሁት ሥዕሉ ጭስ ይመስላል፤ ስለዚህ ጥርት ማለት ያለባቸውን ጠርዞች በተቀረጸ እርሳስ መልሱ። በመብራቱ በኩል ያለውን የእንቁላሉን ጠርዝ ግን በወፍራም መስመር አትክበቡት፤ ቢሳሳ፣ እንዲያውም ቢቆራረጥ ብርሃኑ ይበረታል።

ስትጨርሱ ሥዕሉን በመስታወት ፊት ያዙት። የተንጋደደ እንቁላል እዚያ ወዲያው ይታያል።