«ሐራራ» በየትኛው ሀ ይጻፋል?

ጥያቄ፦ ሲጋራ ወይም ቡና የለመደ ሰው ሲያጣው «ሐራራ ያዘው» እንላለን። ሲጻፍ ግን አንዱ «ሀራራ»፣ አንዱ «ሃራራ»፣ ሌላው «ሐራራ» ይለዋል። ትክክለኛው የቱ ነው? ጓደኛዬ ደግሞ ቃሉ ከሐረር ከተማ ስም የወጣ ነው ብሎ ይከራከረኛል። «አምሮት» ከማለትስ በምን ይለያል?

መልስ፦ በሐመሩ ሐ፣ «ሐራራ» ተብሎ ቢጻፍ ነው የሚሻለው። ለዚህ የሚያበቃው የቃሉ ትውልድ ነው።

ሥሩ ሙቀት ነው። በግእዝ «ሐረረ» ማለት ነደደ፣ ጋለ፣ ተቃጠለ ማለት ሲሆን ዛሬም የምንጠቀምበት «ሐሩር» የወጣው ከዚሁ ነው። ዐረብኛም ያንኑ ሥር ይዞ ሙቀትን «ሐራራ» ይለዋል፤ እኛ ከምንለው ጋር ድምፁ እጅግ ይቀራረባል። ሙቀት ወደ ፍላጎት መሻገሩ ሊገርመን አይገባም። «የውሃ ጥም አቃጠለኝ» የምንል ሰዎች ነንና። ያጡት ነገር ውስጥን ሲያነድ ስሙም ከእሳት ይወሰዳል። የሐረር ነገር ግን የድምፅ መመሳሰል ብቻ ነው። የከተማዋ ስምም በሐመሩ ሐ መጻፉ ለጓደኛዎ ግምት ብርታት ሰጥቶት ይሆናል፤ ሆኖም ትርጉሙን ሙሉ በሙሉ የሚያስረዳ ሥር ፊታችን ተቀምጦ ሳለ ወደ ቦታ ስም የሚያስኬድ ነገር የለም።

እዚህ ላይ እኔን በጣም የሚስበኝ ሌላ ነገር አለ። ከጥንት ጀምሮ በአፍ ሲወራረድ ወደ አማርኛ የመጣ ቃል ብዙውን ጊዜ ሐውን ጥሎ ነው የመጣው። ሐለመ «አለመ» ሆነ፣ ሐረሰ «አረሰ» ሆነ፣ ሐሰበ «አሰበ» ሆነ፣ ሐመድም «አመድ» ሆነ። ሐረረ ራሱ ምን እንደ ሆነ ማወቅ የፈለገ ድስት እሳት ላይ ጥዶ ይርሳ፤ «አረረ» የምንለው እሱ ነው። እንግዲህ ሐራራ በዚሁ መንገድ መጥቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ «አራራ» ስንለው እንገኝ ነበር። ሐውን እንደ ያዘ መቅረቱ ዘግይቶ የገባ ቃል መሆኑን ይመሰክራል። «ሐሩር» ሐውን ያልጣለው ከመጽሐፍ ስለተወሰደ ነው። ሐራራ ግን የመጽሐፍ ቃል አይደለም፤ የሰፈር፣ የአራዶች፣ የሱሰኛ ቃል ነው። ስለዚህ በዐረብኛ በኩል እንደ ገባ አምናለሁ። በግእዝም ይምጣ በዐረብኛ፣ ፊደሉ ግን ያው ሐመሩ ሐ ነው። ብዙኃኑ ኀ የሌላ ድምፅ ምልክት ስለነበር እዚህ ቦታ የለውም።

«ሃራራ» የሚለው አጻጻፍ የመጣው ሀን በግእዙም (በመጀመሪያው ፊደል) በራብዑም (በአራተኛው) «ሃ» ብለን ስለምናነበው ነው። ሦስቱ ሀዎች በአማርኛ አንድ ድምፅ ሆነዋልና አንዱ ይበቃል የሚሉ ወገኖች አሉ፤ ክርክራቸውን አልንቅም፣ አንባቢም በሀ የተጻፈውን ሐራራ አይስትም። እኔ ግን ሐመሩ ሐ ሲጻፍ ቃሉ ከሐሩር ጋር ያለው ዝምድና ለዐይን እንዲታይ እፈልጋለሁ። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. የታተመውን መዝገበ ቃላታቸውን «ዐዲስ» ብለው በዐይኑ ዐ የሰየሙት የግእዙ «ሐዲስ» ምልክት እንዳይጠፋ ይመስለኛል። ይህን ዓይነቱን ጥንቃቄ እወድደዋለሁ።

ወደ አምሮት እንምጣ። ሐራራ የሚይዘው የለመደን ሰው ብቻ ነው። ኪሱን ደጋግሞ የሚዳብስ፣ የሚያዛጋ፣ ሲጠይቁት በቁጣ የሚመልስ ሰው አጠገብዎ ቢቀመጥ «ሐራራው ነው» ይባልለታል። ነፍሰ ጡር ሴት ቀምሳው የማታውቀውን ነገር ስትሻ ግን «አማራት» እንጂ «ሐራራ ያዛት» የሚል የለም። አምሮት ልምድን አይጠይቅም፤ ማየት፣ ማሽተት፣ ማሰብ ይበቃዋል። «የሥልጣን ሐራራ» የሚለው ዘይቤ የሚሠራውም ለዚህ ነው፤ ሥልጣንን አንዴ ቀምሶ መተው ያቃተው ሰው ይታየናል።

«አማረ» ብዙ ጊዜ አጻጻፉ አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው አገባቡ ነው። እንደ «ራበኝ» እና «ጠማኝ» ሁሉ ሰውየው ተሳቢ እንጂ ባለቤት አይሆንም፤ የሚያምረው ነገሩ ነው። ስለዚህ «ጫማው አማረው» ሲባል ጫማው የለውም፣ ሊኖረው ይመኛል ማለት ነው። «ጫማው አማረበት» ከተባለ ግን አጥልቆታል፣ ተስማምቶታልም። በአንዲት «በ» ምክንያት ሰውየው ከተመኚነት ወደ ባለጫማነት ተሻገረ። አማርኛን ለሚማር ሰው ይህን ሳስረዳ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ስሙ ደግሞ ወደ አንድ ወገን ብቻ አድልቷል፤ «አምሮት» ምኞትን እንጂ ውበትን አይጠራም።

የ«ቋመጠ» እና የ«ጓጓ»ን ነገር ሌላ አንባቢም ጠይቆኝ ስለነበር አብሬ ልመልስ። «ቁዋመጠ»፣ «ጉዋጓ» ብሎ መበተን አያስፈልግም፤ ቋ እና ጓ ለዚሁ ድምፅ የተቀረጹ ፊደላት ናቸው። ጓጓ ገና ያልደረሰን ነገር በጉጉት መጠበቅ ነው። ቋመጠ ግን ነገሩ ዐይን ፊት ኖሮ እጅ ሳይደርስበት ሲቀር ነው፤ የሌላውን ሰው ጉርሻ እያዩ ምራቅ የመዋጥ ያህል።