«ላንቺ አስቤ ነው» እያለ ሥራዬን ወሰደብኝ

ሰላም እህቴ፣ አምድሽን ሁሌ አነባለሁ፣ እኔም አንድ ቀን እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የአምስት ወር እርጉዝ ነኝ፣ የመጀመሪያዬ ነው። እዚህ መስሪያ ቤት አራት ዓመት ሠርቻለሁ፣ ባለፈው ግምገማ «በጣም ጥሩ» ነው ያገኘሁት። ለአለቃዬ ስነግረው እንኳን ደስ አለሽ ብሎ አቀፈኝ፣ በሳምንቱ እኔ የጀመርኩትን ፕሮጀክት ለሌላ ልጅ ሰጠው። ለምን ስለው «ላንቺ አስቤ ነው፣ ጭንቀት ጥሩ አይደለም»። ከዛ ስብሰባ አልጠራም፣ ከቡድኑ ግሩፕም ተወግጄ አገኘሁት። ሲያወራኝ ፊቴን ትቶ ሆዴን ነው የሚያየው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ኤችአር (የሰው ኃይል ክፍሏ) ጠርታኝ «በፈቃድሽ ብትለቂ ጥሩ የሥራ ልምድ እንጽፍልሻለን» ብላ የተዘጋጀ ወረቀት ገፋ አደረገችልኝ፣ ስሜ ሳይቀር ተጽፎበታል። አስቤ እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ። ባሌ ፈርሚና ተገላገይ ይላል። እያጋነንኩ ይሆን እንዴ?

— ሆዴን የሚያዩብኝ

እህቴ፣ ምንም አላጋነንሽም። ያቺን ወረቀት ግን እንዳትፈርሚ። ባልሽ አዝኖልሽ እንደሆነ ይገባኛል፣ የምትገላገይው ግን ልጅሽን ነው እንጂ ሥራሽን አይደለም በይው። ካባረሩሽ ምክንያት ይጠየቃሉ፣ በፈቃድሽ ከለቀቅሽ ግን ነገ አስወጡኝ ብትዪ የራስሽን ፊርማ ነው አውጥተው የሚያሳዩሽ፣ ስምሽን ጽፈው የጠበቁሽም ለዚሁ ነው።

የዓለም ሥራ ድርጅት በፈረንጆቹ 2000 ያወጣው 183ኛው ስምምነት ነፍሰ ጡርን በእርግዝናዋ ምክንያት ማባረርን ይከለክላል፣ አሠሪው ምክንያቱ ሌላ ነው ካለ ማስረዳት ያለበት ራሱ ነው፣ ከወሊድ ስትመለስም ወደ ቦታዋ ወይም ደመወዙ እኩል ወደሆነ ተመሳሳይ ሥራ። ሁሉም አገር አልፈረመውም እርግጥ ነው፣ ስለዚህ ያለሽበትን አገር የሠራተኛ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ወይም፣ መስሪያ ቤትሽ ካለው፣ የሠራተኛ ማኅበሩን ጠይቂ፣ ቶሎ ደግሞ፣ ለአቤቱታ የጊዜ ገደብ አለው።

ስለ «ላንቺ አስቤ ነው» ደግሞ። አለቃሽ ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፣ እንዲያውም ከልቡ ያዘነልሽ መስሎት ይሆናል፣ ግን ያሰበልሽ ሰው መጀመሪያ ይጠይቅሻል። ከባድ ነገር ማንሳት ወይም ኬሚካል ቢሆን ሐኪምሽ ጽፎልሽ ይቀየራል፣ ስብሰባ ላይ መቀመጥ ማንን ጎድቶ ያውቃል?

ስለዚህ ወሬውን ወደ ጽሑፍ አምጪው። ሳትቆጪ እንዲህ ብለሽ ኢሜይል ላኪለት፦ «ባለፈው እንደነገርከኝ ፕሮጀክቱ የተወሰደው በእርግዝናዬ ምክንያት ነው። ሐኪሜ ሥራ ቀንሺ አላለኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። እንድመለስበት እጠይቃለሁ።» አዎ ካለ ማስረጃ አገኘሽ፣ አይደለም ካለ እንግዲህ ሌላ ምክንያት ይፈልግ፣ «በጣም ጥሩ» ያገኘሽበት ግምገማ ደግሞ እዛው ቁጭ ብሏል። ዝም ካለም ኢሜይሉ ቀን አለው። ለኤችአሯም አንድ መስመር ይበቃታል፦ የመልቀቅ ሐሳብ የለኝም።

ያረገዝሽ መሆኑን የነገርሽበትን ቀን፣ ፕሮጀክቱ የሄደበትን፣ ወረቀቱ የመጣበትን ቀን ደብተር ላይ አስፍሪ፣ የግምገማሽን ኮፒም ቤት አስቀምጪ (የድርጅቱን ሚስጥራዊ ሰነድ ግን እንዳትነኪ፣ በሱ ይይዙሻል)። ከግሩፑ ማን አስወጣኝ እያልሽ አትብሰልሰይ፣ መልሱኝ ብለሽ ጻፊ፣ እሱንም ከነቀኑ መዝግቢው።